ጧፉን ማን ያዘው?

በኛ አገር «ኮሚክ» ማለት የሚያስቅ ሰው ነው። «እሱ እኮ ኮሚክ ነው» ከተባለ ሰውዬው ጨዋታ አዋቂ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ላለፉት አሥራ አራት ወራት «ምን እየሠራሽ ነው?» ላለኝ ሁሉ «ኮሚክ» ብዬ በመለስኩ ቁጥር የሚከተለው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «ታዲያ ቀልዱ የታለ?» ቀልድ የለውም። እንዲያውም መጨረሻው መቃብር ነው። እኔ የምለው ኮሚክ በተከታታይ ሥዕሎችና ገጸ ባሕርያቱ በሚናገሩባቸው አረፋዎች የሚተረክ ታሪክ ነው። በወረቀት ሳይታተም በኢንተርኔት በየክፍሉ ሲለቀቅ ዌብኮሚክ ይሉታል። የራሳቸውን ታሪክ ሳይሆን የሚወዱትን የሌላ ሰው ድርሰት ይዘው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ በአድናቂነት ብቻ የሚሠሩ ሰዎች በየአገሩ አሉ። የኔም ሥራ ከነዚህ ወገን ነው። የያዝኩት መጽሐፍ ግን ቀላል አይደለም፤ የክቡር ዶ/ር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው።

«አይ ድፍረት!» ሳትሉ አልቀራችሁም። እኔም ብያለሁ። የመጽሔታችን አዘጋጆች «እንዴት እንደምትሠሪው ጻፊልን» ሲሉኝ ግን ስለ ድፍረቱ ሳይሆን ስለ ሥራው ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ። ምክንያቱም በትምህርት ክፍላችን ውስጥ ይህን መጽሐፍ ያላነበበ የለም፣ ስለሱ የቤት ሥራ ያልጻፈም የለም። እኔም ለፈተና አንብቤዋለሁ፣ ለወረቀት አንብቤዋለሁ። ለመሳል ሳነበው ግን ሌላ መጽሐፍ ሆነብኝ። እስቲ ነገሩን ከሥር ከሥሩ ላጫውታችሁ።

መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ የቱን ትቼ የቱን ልሳል የሚለው ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ እየታተመ እዚህ የደረሰ፣ ከ500 ገጽ በላይ ያለው ልቦለድ ነው። የመጽሐፉን አንድ ገጽ ለመተረክ በአማካይ አራት ሥዕል ቢያስፈልግ 2000 ሥዕል ማለት ነው። እኔ አንዱን ሥዕል ከንድፍ እስከ ቀለም ለመጨረስ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጅብኛል። በቀን ሦስት ሰዓት ብሠራ እንኳ 2000 ቀን፣ ማለትም አምስት ዓመት ተኩል ገደማ ይሆናል። ከዚያ በፊት መመረቅ አለብኝ! ስለዚህ አንድ ቦታ ብቻ መረጥኩ። በማንኩሳ ተወልዶ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማረው በዛብህ፣ ዲማ ላይ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ገብቶ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ማስተማር የሚጀምርበትን። ሁለት ሰዎች፣ አንድ ክፍል፣ አንድ መጽሐፍ። በአሥራ ሁለት ክፍል፣ በየክፍሉ ሃያ አምስት ያህል ሥዕል አድርጌ አቀድኩት። መንገዱን፣ ሽፍታውን፣ ሞቱን፣ ሁሉንም ለመጽሐፉ ተውኩለት። አንባቢው መጨረሻውን ስለሚያውቀው እኔ ሳልስለውም በየሥዕሉ ጥላ ውስጥ አለ።

ሁለተኛው ነገር ጥናት ነው። ምን ልበላችሁ፣ ጸሐፊ የታደለ ነው! «ተቀመጡ» ብሎ ጽፎ ማለፍ ይችላል። የሚስል ሰው ግን አይችልም። ምን ላይ ተቀመጡ? መደብ ላይ ነው፣ በርጩማ ላይ ነው፣ አጎዛ ላይ ነው? ወለሉ ላይ ምን ተነጥፏል? ግድግዳው ላይ ምን ተሰቅሏል? ጋሻ ይሆን? እሷ የለበሰችው ቀሚስ ጥለቱ ምን ያህል ነው? መምህሩ ፊደሉን የሚያሳያት በምንድን ነው? በጣቱ ነው ወይስ በስንጥር? እያንዳንዱ ሥዕል አሥር ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ «ይህን አላውቅም፣ ልዝለለው» ብትሉ ነጭ ባዶ ቦታ ሆኖ ያፈጥባችኋል።

ስለዚህ መጠየቅ ጀመርኩ። ስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ ባለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ሄጄ የቆዩ ሥዕሎችንና ዕቃዎችን እያየሁ በእርሳስ ገልብጬአለሁ። የቆሎ ተማሪ የነበሩ አንድ መምህር ደግሞ የንባብ ትምህርቱን ቅደም ተከተል አስረዱኝ፤ ፊደል ቆጠራ፣ መልእክተ ዮሐንስ፣ ወንጌል፣ ከዚያ ዳዊት። መቃ እንዴት ተቀርፆ ብዕር እንደሚሆን፣ ጥቁሩና ቀዩ ቀለም በቀንድ ውስጥ እንደሚቀመጥ ነገሩኝ። ይኼ ሁሉ አንድ ሥዕል ጥግ ላይ ሁለት ትናንሽ ቀንዶች ለመሳል ነው። አንባቢ ላያያቸው ይችላል። ግን እዚያ መኖራቸው ክፍሉን ሰው የሚኖርበት ያደርገዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አራተኛው ክፍል ላይ ትምህርቱን ወደ ማታ ላዞረው ፈለግሁ። ማታውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ምክንያቴም ቀላል ነበር፤ በጨለማ ውስጥ አንድ ብርሃን ካለ ሁለት ፊቶች ይቀራረባሉ። ነገር ግን ብርሃን ከየትም አይመጣም። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ዓይነት ቤት ጧፍ ይበራል። ጧፉ ደግሞ በአየር ላይ አይንሳፈፍም። መቅረዝ ላይ ላደርገው አሰብኩ፤ ሥዕሉ ሞተብኝ። የሚንቀሳቀስ፣ የሚንቀጠቀጥ ብርሃን ነበር የምፈልገው። ስለዚህ በሥዕሉ ጠርዝ ላይ ጧፍ የያዘ እጅ ሳልኩ። እጅ ብቻ። በሚቀጥለው ሥዕል እጁ ክንድ ፈለገ። ክንዱ ትከሻ ፈለገ። ሳላስበው አሥር ዓመት የሚሆናት፣ ጸጉሯ የተላጨ፣ የአዋቂ ቀሚስ ተቆርጦ የተሰፋላት አንዲት ልጅ ክፍሉ ውስጥ ቆማ አገኘኋት።

እዚህ ላይ ነው የቆምኩት። መጽሐፉን ስንት ጊዜ አንብቤ በጭንቅላቴ ውስጥ ያንን ክፍል ስስል ሁለት ሰው ብቻ ነበር የማየው። በፊታውራሪ ቤት ግን ውሃ የሚቀዳ፣ እግር የሚያጥብ፣ በር የሚከፍት፣ ጧፍ የሚይዝ ሰው ሞልቷል። እነሱን ከክፍሉ ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ፣ እንደ አንባቢ፣ ፍቅሩ እንዲጥመኝ ብዬ። እርሳሱ ግን አላስወጣም አለኝ።

ንድፉን ለክፍል ጓደኞቼ ሳሳይ አንዱ ተቆጣ። «ሐዲስ ያላሉትን! ሁለት ፍቅረኞች መሀል ሦስተኛ ሰው ታቆሚያለሽ?» አለኝ። ክርክሩ ከባድ ነው፣ ልቀልድበት አልፈልግም። የሰው ድርሰት ወስዶ መጨመር ምን ማለት ነው? አድናቂ ነኝ የሚል ሰው የሚያደንቀውን ነገር እንዳለ መተው የለበትም ወይ? ሁለት ሳምንት ያህል ሥራውን አቁሜ ይህንኑ ሳወጣና ሳወርድ ከረምኩ። አንዴ ልጅቷን አጥፍቼ ጧፉን መቅረዝ ላይ አደረግኩት፤ እንደገና መለስኳት።

የረዱኝ የጓደኛዬ አያት ናቸው። ጎጃም ተወልደው ያደጉ፣ በስተርጅና የመነኮሱ ስለሆነ ሁላችንም እማሆይ ነው የምንላቸው። ስለ ቤት ዕቃውና ስለ አለባበሱ እሳቸውን ደጋግሜ ስለጠየቅሁ የአራተኛውን ክፍል ንድፍ በልጅ ልጃቸው ስልክ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ስልኩን ራቅ ቀረብ እያደረጉ ብዙ አዩት። ሰብለን አለፏት፣ በዛብህንም አለፉት።

«ይቺ ማናት?» አሉኝ።

«ጧፍ ያዥ ናት፣ እማሆይ።»

«እሱስ ታየኝ። ስሟን ነው እንጂ።»

«ስም የላትም። መጽሐፉ ላይም የለችም፣ እኔ ነኝ የጨመርኳት።»

ዝም አሉ። ቆይተው «እኔም ልጅ ሆኜ ሰው ቤት ጧፍ ይዤ ነው ያደግሁ» አሉ። «ክንድ ይዝላል። ሰሙ እየቀለጠ ጣት ላይ ይንጠባጠባል። ጌቶች በልተው፣ ተጫውተው እስቲነሱ ድረስ መቆም ነው። ስም አለኝ፤ የሚጠራኝ የለም። ‹አንቺ› ነው።» ቀጥለውም ሥዕሌን አረሙልኝ፤ «ደሞ ጧፍ የያዘ ሰው እንዲህ ነበልባሉን አያይም ልጄ፤ ዓይን ያጥበረብራል። ወደ ጎን ነው የሚያይ።»

«ታዲያ ማን ልበላት፣ እማሆይ?»

«ይታይሽ በያት።»

ለምን ይታይሽ እንዳሉ አልጠየቅኳቸውም። ከዚያ ቀን በኋላ ልጅቷን ስለማጥፋት አስቤ አላውቅም። ለተቆጣው ጓደኛዬም የመለስኩለት ይህንኑ ነው፤ ይታይሽ ሦስተኛ ሰው አይደለችም፣ መጀመሪያውኑ እዚያ የቆመች ናት። እሱ አሁንም አልተስማማም። ግን አዲስ ክፍል ስለቅ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ይታይሽ ምን ሆነች?» ብሎ ነው።

እማሆይ «ወደ ጎን ነው የሚያይ» ያሉት ነገር ሌላ ችግር አመጣብኝ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ቅዱሳንና ደጋጎች ፊታቸው ወደኛ ዞሮ በሁለት ዓይን ይሳላሉ፤ ዲያብሎስ፣ ይሁዳና ክፉዎች ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። እኔ ገጾቼ የዚያ አሣሣል ጠረን እንዲኖራቸው እፈልግ ነበር። ደግሞም ተከታታይ ሥዕል ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ44 ሣጥን ከፍለው የሚተርኩ ሠዓሊዎቻችን ኮሚክ ከሚባለው ነገር የሚለዩት በስሙ ነው እላለሁ። ነገር ግን ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ይተያያሉ፤ ሲተያዩ በጎን ይታያሉ፤ በጎን ከታዩ በደንቡ መሠረት ሁለቱም ክፉዎች ሊሆኑ ነው!

ደንቡን አልጣልኩትም፣ ሥራ ሰጠሁት። ይታይሽ ወደ ጎን ብታይም ፊቷን ሩብ ያህል ብቻ አዞርኩትና ሁለቱም ዓይኖቿ ቀሩ። ፊታውራሪ መሸሻ ሲያዝዙና ስለ ዘር ማንዘራቸው ሲኩራሩ በአንድ ዓይን ናቸው፤ ልጃቸውን ሲያዩ ግን ሁለት ዓይን አላቸው። ይህን ለማንም አላስረዳሁም። አንዲት አንባቢ ግን ስድስተኛው ክፍል ላይ «ፊታውራሪ ዛሬ አሳዘኑኝ፣ ለምን እንደሆነ አላወቅሁም» ብላ ጻፈችልኝ።

ከሁሉ የከበደኝ የሰብለ ወንጌል መልክ ነው። አስቡት፣ ይህን መጽሐፍ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው በንባብ ብቻ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ትውልድ አለ። አባዬ ከዚያ ወገን ነው። መጽሐፉ ቤታችን ውስጥ እያለ እንኳ ገልጦት አያውቅም፤ ግን የጉዱ ካሣን ንግግር በወጋየሁ ድምፅ አስመስሎ ያወርደዋል። «ሰብለ ምን ትመስላለች?» ብዬ ብጠይቀው ትንሽ አሰበና «እሱንማ እኔ ነኝ የማውቀው» አለኝ። ሁሉም ሰው እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ አንባቢና አድማጭ የራሱ ሰብለ አለችው። እኔ አንዷን ስዬ «ይቺ ናት» ብል የስንቱን ሰብለ ልነጥቅ ነው?

መልሱን ያገኘሁት ከይታይሽ ነው። ጧፍ ያዥ የምትቆመው ከእመቤቷ ኋላ፣ ወደ ጎን ብላ ነው። ከዚያ ቦታ ሆና የምታየው የሰብለን ሹሩባ፣ የአንገቷን ንቅሳት፣ መጽሐፉ ላይ ያረፈ እጇን ነው። ፊት ለፊት የሚታያት በዛብህ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ ያሉትን ገጾች ሁሉ ልጅቷ በቆመችበት ቁመትና ቦታ ሆኜ ሳልኳቸው። የሰብለ መልክ አንድም ቦታ ሙሉ በሙሉ አይታይም፤ የሚታየው እሷን የሚያየው የበዛብህ ፊት ነው። አሜሪካዊው ስኮት ማክላውድ በ1993 እ.ኤ.አ. ስለ ኮሚክ፣ በራሱ በኮሚክ መልክ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በሁለት ሣጥኖች መካከል ያለችውን ባዶ ቦታ የሚሞላት አንባቢው መሆኑን ያስረዳል። እኔ ባዶዋን ቦታ ለመልኳ ተውኩላት። አባዬም የራሱን ሰብለ እንደያዘ ቀረ።

ስለ ፊደሉም ላውራችሁ፤ ለትምህርት ክፍላችን ተማሪ ይህኛው ሳይጥም አይቀርም። የፈረንጅ ኮሚክ አረፋው ውስጥ ያለው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በትልልቁ ፊደል ይጻፋል። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። በዚያ ላይ ቃሎቻችን ረጃጅም ናቸው፤ «አልነገረችኝም» ስምንት ፊደል ያለው አንድ ቃል ነው፣ በሌላ ቋንቋ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ጠባብ አረፋ ውስጥ ብትቆርጡት ያስጠላል፣ ብታሳንሱት አይነበብም። ስልክ ላይ «ሱ»ንና «ሲ»ን የሚለያት አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት፤ ወገቡ ላይ ናት ወይስ እግሩ ላይ? ፊደሉ ካነሰ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ንግግሩን ማሳጠር ነበረብኝ። ማሳጠር ማለት ደግሞ እያንዳንዷን ቃል «አንቺ ብትቀሪ ምን ይጎድላል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ማጥበቅና ማላላቱም አለ። በጽሑፋችን አይታይም። አምስተኛው ክፍል ላይ ይታይሽ ለሌላዋ ገረድ «እዚህ ቤት ሁሉም ይሰማል» ትላታለች። ሲላላ፣ ሁሉም ሰው ይሰማል ማለት ነው። ሲጠብቅ ደግሞ ሁሉም ነገር ይሰማል፣ የሚደበቅ የለም። የትኛው ነው? ሁለቱንም እውነት ስለሆኑ እንዳሉ ተውኳቸው። ሥዕሉ ላይ የምትታየው በር ብቻ ናት፣ በትንሹ ገርበብ ያለች።

የድምፅ ቃል ላይ ግን አማርኛ ሀብታም ነው። በሩ «ሲጥጥ» ይላል፣ እንስራው «ጓ» ይላል፣ ውሃው «ሿ» ይላል። ከዚህ የሚደንቀኝ ድምፅ ለሌለው ነገር እንኳ የድምፅ ቃል መኖሩ ነው፤ ልብ «ክው» ይላል፣ ሰው «ጭጭ» ይላል፣ ዓይን «ፍዝዝ» ይላል። ጃፓኖች በማንጋቸው ውስጥ ለዝምታ የሚጽፉት የድምፅ ቃል እንዳላቸው ሳውቅ «እኛም አለን!» ብዬ ዘልያለሁ። የፊታውራሪ ኮቴ ሲሰማ አንድ ሙሉ ሣጥን ጨለማ አድርጌ መሀሉ ላይ «ጭጭ» ብቻ ጽፌአለሁ።

ጉዱ ካሣን ደግሞ ሳልስለው ላልፍ አልቻልኩም። ካሣ ዳምጤ እውነት በመናገሩ «ጉዱ» ተብሎ የቀረ ሰው፣ ንግግሩ ረጅም ነው፤ አረፋ ውስጥ አይገባም። የማኅበራችንን ሥርዓት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ከተደረደረበት ካብ ጋር የሚያመሳስልበትን ሐሳብ ታስታውሱታላችሁ። ቃል በቃል ልገልብጠው አልፈለግሁም፣ የደራሲው ቃል የደራሲው ነው። ስለዚህ ንግግሩን ትቼ ካቡን ሳልኩት። ዌብኮሚክ ስልክ ላይ የሚነበበው ከላይ ወደ ታች በጣት እየተገፋ ነው፤ ሸራው ስፋቱ 800 ፒክስል ሆኖ ርዝመቱ እስከፈለጋችሁት ይወርዳል። አንባቢው መጀመሪያ የሚያገኘው የላይኛውን ድንጋይ ነው፤ ፊታውራሪው እዚያ ተቀምጠዋል። ጣቱን ይገፋል፤ ከሥራቸው ጭቃ ሹም፣ ከዚያ ባላገር፣ ከዚያ ጭሰኛ። ይወርዳል፣ ይወርዳል። ካቡ የሚያልቅ በመሰለበት ከሁሉ በታች፣ ጧፍ ይዛ የቆመች ልጅ ካቡን በትከሻዋ ደግፋ ትገኛለች። አረፋ የለም፣ ጽሑፍ የለም። ለዚህች አንዲት ሥዕል አሥራ ሰባት ቀን ፈጅቶብኛል።

የአሠራሩን ነገር ባጭሩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ክፍሉን በጽሑፍ እንደ ተውኔት አወርደዋለሁ። ከዚያ አንድ ወረቀት ስምንት ቦታ አጥፌ በየካሬው የእንጨት ሰው የሚመስሉ ንድፎችን እሞነጫጭራለሁ፤ እዚህ ላይ ስህተት ዋጋው ርካሽ ነው። የወደድኩትን በስልክ ፎቶ አንስቼ፣ አይቢስ ፔይንት በሚባለው ፕሮግራም ላዩ ላይ እስለዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች በጣቴ ነው የሣልኳቸው፤ ከዚያ ወዲህ የጓደኛዬን ታብሌት በውሰት እጠቀማለሁ። መብራት ሲጠፋ ወደ ወረቀቱ እመለሳለሁ። ሲያልቅ ስልሳ ያህል ሰዎች ወዳሉበት የቴሌግራም ቻናል እለቀዋለሁ። አለቀ።

የማን ነው ለሚለው ጥያቄም መልስ ልስጥ። አንድ ወዳጄ ዘጠነኛውን ክፍል ሲያይ «እናሳትመውና በመጽሐፍ ባዛር እንሽጠው!» ብሎ ተነሣ። ሕግ የምታጠና የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አምጥታ አስነበበችኝ። አንድን ድርሰት ወደ ሌላ መልክ የማስማማት መብት የደራሲው ነው፤ መብቱም ደራሲው በሕይወት ባለበት ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት አዋጁ በወጣበት በዚያው በ1996 ዓ.ም. ነው። አስሉት፤ 2046 ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ያለባለመብቶቹ ፈቃድ አይታተምም፣ አይሸጥምም አልኩ። እስካሁን አንዲት ሳንቲም አልተቀበልኩበትም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባል የለ።

እዚህ ላይ ግን የምር አዘንኩ። አሥራ አራት ወር፣ ሦስት መቶ ሥዕል፣ ስንት ሌሊት፤ ሁሉም በሰው ማሳ ላይ የተዘራ ነው። ታዲያ ለምን ሠራሁት? ያተረፍኩትን ስቆጥር ያገኘሁት መልስ ማንበብ የሚል ነው። መሳል ቀስ ብሎ ማንበብ ነው። በዓይን ሲነበብ በአንድ ደቂቃ የሚታለፈው ገጽ ላይ አንድ ሳምንት ያስቀምጣችኋል። ሲያስቀምጣችሁ የማትጠይቁትን ያስጠይቃችኋል፤ ማን ቆሞ ነበር? ማን በሩን ከፈተ? ጧፉን ማን ያዘው? ደራሲው ቤቱን ባይሠሩልኝ ኖሮ ይታይሽን የማቆምበት ወለል አላገኝም ነበር። አድናቂነት ለኔ ይህ ነው፤ ቤቱን የራሴ ነው ሳልል፣ ጥግ ጥጉን በደንብ ማየት።

አሥራ ሁለተኛው ክፍል ባለፈው ወር ወጥቷል፣ ተከታታዩም በዚያው ተዘግቷል። በመጨረሻው ሥዕል ትምህርቱ አብቅቷል፣ ሁለቱ ወጥተዋል፣ ይታይሽ ብቻዋን ቀርታለች። ጧፉን ልታጠፋ እፍ ስትል ዓይኗ የተገለጠው መጽሐፍ ላይ ያርፋል። ስንት ማታ ቆማ ስትሰማ የኖረችውን የመጀመሪያዋን ፊደል በጣቷ ትነካለች። ጣቷ ላይ የሰም ጠባሳ አለ።

አሁን ሌላ ነገር እየሞነጫጨርኩ ነው። ሰብለም፣ በዛብህም፣ ፊታውራሪም የሉበትም። አንዲት ልጅ ከአንድ ትልቅ ቤት በሌሊት ወጥታ ትሄዳለች፤ ሁለት ፊደል ታውቃለች። ይህችኛዋ የማንም አይደለችም፣ የኔና የእማሆይ ናት። እናንተም የምትወዱት መጽሐፍ ካለ፣ መሳል አልችልም ሳትሉ፣ አንድ ገጽ ምረጡና የእንጨት ሰውም ቢሆን ሞነጫጭሩ። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ቁጠሩ። ሳያልቅ አይቀርም ብላችሁ ካሰባችሁት ሁልጊዜ አንድ ይበልጣል።

ቸር ያገናኘን።